ዝምታው የማን ድርሻ ነው? ትያትርን በምልክት አጻጻፍና በቦት ስለ መጫወት

የትያትር ድርሰት በመጽሐፍ ሲታተም አንባቢው የሚያገኘው የተናጋሪውን ስም፣ ንግግሩንና በቅንፍ የተከተተ አጭር መግለጫ ነው። የቀረውን ሁሉ፣ ማለት ድምፁን፣ አካሄዱን፣ አተያዩንና ዝምታውን፣ ተዋናዩ ከራሱ ይጨምርበታል። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ግን አንዳንድ ሰዎች ድርሰቱን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለኮምፒዩተርም እንዲገባው አድርገው እየጻፉ፣ ተዋንያኑ በየአገሩ ተበታትነው ሳሉ በኢንተርኔት ላይ ተጫውተውታል። አንዳንዱንም ድርሻ ቦት ለሚባለው፣ ማለት መልእክት በራሱ ለሚልክ ፕሮግራም፣ ሰጥተውታል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን አሠራር ሲሆን ጥያቄው አንድ ነው፤ ድርሰቱ እንዲህ በምልክት ሲከፋፈል ከትያትሩ ምን ይተርፋል፣ ምንስ ይጠፋል? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ነገር ላይ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ወገን «መሣሪያ ነፍስ የለውም፤ ስለዚህ ትያትር አይሆንለትም» ብሎ ነገሩን ሳይመረምር ይዘጋዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዐዲስ ነገር ስለ ሆነ ብቻ ያጸድቀዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ሥራውን ቀርበው አላዩትም። ጉድለቱ ያለው በመሣሪያው ነፍስ ማጣት ላይ ሳይሆን ድርሰቱን ለመሣሪያው በምናስረክብበት አጻጻፍ ላይ መሆኑን ከዚህ ቀጥዬ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በ1993 የተደረገው ጨዋታ

አይ.አር.ሲ. የተባለው የጽሑፍ መነጋገሪያ በ1988 በፊንላንድ፣ በኡሉ ዩኒቨርሲቲ፣ ያርኮ ኦይካሪነን በሚባል ሰው ተሠራ። በዚያ ላይ ሥዕልም ድምፅም አልነበረም፤ ስምና ከስሙ ቀጥሎ የሚታይ መስመር ብቻ ነበር። ይህ መልክ ከታተመ ትያትር ገጽ ጋር መመሳሰሉን ስቱዋርት ሃሪስ የሚባል ሰው አስተዋለ፤ በታኅሣሥ 1993ም «የሃምኔት ተጫዋቾች» ከሚባሉ ባልደረቦቹ ጋር «ሃምኔት» የተባለ የሼክስፒርን ሐምሌት በቀልድ የገለበጠ አጭር ድርሰት በአይ.አር.ሲ. ላይ ተጫወተ።

ድርሰቱ 80 ያህል መስመር ሲሆን እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ነበረው። ተዋናዩ የራሱን ድርሻ ከነቁጥሩ ይቀበላል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር በታየ ጊዜ የእርሱን ይልካል። መግባትንና መውጣትን የሚያስታውቀው መስመር እንኳ እንደ አንድ ተዋናይ ድርሻ ተቆጥሮ ለሰው ተሰጥቶ ነበር። በሌላ አነጋገር ማንም ምልክት ብሎ ሳይጠራው የምልክት አጻጻፍ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ቁጥሩ ተራን፣ ስሙ ባለቤትን ያመለክት ነበርና።

የሆነው ነገር ግን እንደ ታሰበው አልሄደም። በጨዋታው መካከል አንድ ቦት በስሕተት ሐምሌትን ከመድረኩ አስወጣው፤ መብረቅ የተቀላቀለበት ማዕበልም የአዘጋጁን መሥመር ቈረጠው። ቡድኑ ይህ ሁሉ ደርሶበት ጨዋታውን ፈጸመ፤ በ1994ም «ሃምኔት»ን ደግሞ ከመጫወቱ ሌላ ከማክቤዝ የተወሰደ «ፒሲቤዝ» የተባለ ሁለተኛ ቀልድ አቀረበ።

ይህን ጨዋታ የሚጠቅስ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቦቱ ስሕተትና ስለ መብረቁ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ ትያትሩ ያለው በስሕተቱ ውስጥ ነው» የሚል አለ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጣዕሙን የሰጠው ስሕተቱን በዚያው ሰዓት አይተው የሚደግፉ ሕያዋን ሰዎች መኖራቸው ነው። ሐምሌት ሲባረር ሌሎቹ ቁጥራቸውን እየጠበቁ ዝም ብለው ቢቀሩ ኖሮ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። «ሃምኔት» ቀልድ ነው። ቀልድ ፍጥነትን ይወዳል፤ መስመር በመስመር ላይ ሲደራረብ ሣቁ ይበረታል። ስለዚህ የአይ.አር.ሲ. ፍጥነት ለቀልዱ ረዳት ሆነው እንጂ እንቅፋት አልሆነበትም። ኀዘን ያለበትን ድርሰት በዚያው መንገድ ብናስኬደው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን በ«ሃምኔት» አልተመለሰም። በ2010 ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ የሮሜዮንና የጁልየትን ታሪክ በትዊተር ላይ ለአምስት ሳምንታት ያህል ሲያጫውት ኀዘኑን ሞክሮታል። ነገር ግን ተዋንያኑ በዛሬ ሰው አነጋገር የራሳቸውን ቃል እየጻፉ ተጫወቱ እንጂ የሼክስፒርን ቃል አልያዙም፤ ስለዚህ የተጻፈው ድርሰት እንደ ተጻፈ ይጫወታል ወይ ለሚለው ይህም መልስ አይሆነንም።

የምልክቱ ጥቅምና ጉድለት

በየካቲት 1998 ኤክስኤምኤል የተባለው የምልክት አጻጻፍ ደንብ ጸደቀ። ደንቡን ያወጣውን ጉባኤ የመራው ጆን ቦሳክ የሼክስፒርን ትያትሮች በዚሁ አጻጻፍ አዘጋጅቶ ለሁሉ አበርክቷል። በእርሱ አሠራር ድርሰቱ በሣጥን ውስጥ እንዳለ ሣጥን ነው፤ በትያትሩ ውስጥ ገቢር፣ በገቢሩ ውስጥ ትዕይንት፣ በትዕይንቱ ውስጥ ንግግር፣ በንግግሩ ውስጥ የተናጋሪው ስምና ስንኞች አሉ። ከነዚህ የወጣው ሁሉ «የመድረክ መግለጫ» በሚል አንድ ምልክት ውስጥ ይገባል።

ጥቅሙ ትልቅ መሆኑን አስቀድሜ ልመስክር። ሃሪስ በእጁ እየቈረጠ ያከፋፈለውን የተዋንያን ድርሻ በዚህ አጻጻፍ ኮምፒዩተሩ በአንድ አፍታ ለይቶ ይሰጣል። የአንዱ ሰው ንግግር ስንት እንደ ሆነ፣ ከማን ጋር በአንድ ትዕይንት እንደሚገናኝ፣ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ወዲያው ይታወቃል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በኮሌጅ የሚጻፍ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ተጫውቶ፣ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚጠፋ ነው። የፊደላችን ምልክቶች በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ሠንጠረዥ ውስጥ ስለ ገቡ አንድ ጊዜ በሚገባ የተጻፈ ድርሰት በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሊነበብ ይችላል።

ጉድለቱ ያለው «የመድረክ መግለጫ» ከተባለው ሣጥን ላይ ነው። የሼክስፒር «የክረምት ተረት» በተባለው ትያትር ውስጥ አንድ ሰው በድብ ተባርሮ እንዲወጣ የሚያዝ የታወቀ መግለጫ አለ። በቦሳክ ምልክት ይህ መግለጫና «መለከት ይነፋል» የሚል መግለጫ አንድ ዐይነት ናቸው። ቲ.ኢ.አይ. የተባለው፣ ሥራው በ1987 የተጀመረው የምሁራን ደንብ ከዚህ ይሻላል። መግለጫውን መግባት፣ መውጣት፣ የመድረክ ሥራ፣ የአነጋገር ሁኔታ እያለ እንድንለይ ይፈቅዳል። የታተመውን የተናጋሪ ስምም ከእውነተኛው ባለቤት ይለያል፤ ቫዮላ ወንድ መስላ ስትናገር ቫዮላ መሆንዋ አይጠፋም።

ዳሩ ግን በዚህ ደንብ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አገኘሁ። «ዕረፍት» ወይም ዝምታ የሚባል ምልክት አለ። የተመደበው ግን ትያትርን በሚመለከተው ምዕራፍ ሳይሆን በተራ ሰዎች መካከል የተደረገን ጭውውት ቀርጸው ለሚጽፉ ሊቃውንት በተዘጋጀው ምዕራፍ ነው። ምልክትን ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው መዋስ የሚከለክል የለም፤ ስለዚህ ችግሩ የመሣሪያ ማነስ አይደለም። ነገር ግን አመዳደቡ አንድ አስተሳሰብ ያሳያል። የገበያ ሰው ዝም ሲል ዝምታው እንደ ንግግር ይመዘገባል፤ ተዋናይ ዝም ሲል ግን ዝምታው በቅንፍ ውስጥ ካለው በርና ወንበር ጋር ይቆጠራል ማለት ነው።

ቦቱ ምን ይሰማል?

ትያትርና ቦት ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝምድና አላቸው። ጆዜፍ ዋይዘንባውም በ1966 ስለ መጀመሪያው የታወቀ ተነጋጋሪ ፕሮግራም ሲጽፍ «ኢላይዛ» ብሎ የሰየመው በበርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» ትያትር ውስጥ ካለችው፣ አነጋገር ከምትማረው ልጅ ስም ወስዶ ነው። ለፕሮግራሙ የሚሰጠውን የመልስ ደንብም «ስክሪፕት» አለው፤ ይህም ለትያትር ድርሰት የሚነገረው ቃል ነው። ከስክሪፕቶቹ የታወቀው «ዶክተር» የተባለው ነበር። ጸሐፊው ራሷ ሥራውን እያወቀች ከፕሮግራሙ ጋር ጥቂት ከተነጋገረች በኋላ ከክፍሉ እንዲወጣላት እንደ ጠየቀችው ዋይዘንባውም በመገረም ጽፏል።

ከዚያም መስከረም 18 ቀን 1972 ሁለት ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ተደረገ። አንደኛው ይኸው «ዶክተር» ሲሆን ሁለተኛው ኬኔት ኮልቢ የሠራው፣ ሰውን ሁሉ የሚጠራጠር በሽተኛ የሚመስለው «ፓሪ» ነበር። አንዱ በካሊፎርኒያ ሌላው በማሳቹሴትስ ሆነው በአርፓኔት መሥመር ተነጋገሩ። የንግግሩን ቅጂ ያነበበ ሰው ይሥቃል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን እንደማይሰማ ወዲያው ያስተውላል። ዶክተሩ ይጠይቃል፣ በሽተኛው ይቈጣል፣ ዶክተሩም ቁጣውን ትቶ እንደ ገና ይጠይቃል። በ2010 አኒ ዶርሰን «ሄሎ ሃይ ዜር» በተባለው ሥራዋ ይህንኑ ጠባይ ሆን ብላ ተጠቀመችበት። ቾምስኪና ፉኮ በ1971 ያደረጉትን ክርክር መነሻ አድርጋ ሁለት ቦቶችን በመድረክ ላይ አነጋገረች። በእርስዋ ዘንድ አለመደማመጡ ራሱ የትያትሩ ፍሬ ነገር ስለ ሆነ ጉድለቱ ወደ ጥቅም ተለውጧል።

የምልክት አጻጻፍንና ቦትን በአንድነት ያገናኘው ሪቻርድ ዋላስ ያወጣው ኤ.አይ.ኤም.ኤል. ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ ሣጥን ውስጥ ሰው ሊለው የሚችለው ቃል፣ ከሥሩም ቦቱ የሚመልሰው ቃል ይጻፋል። ቦቱ ከዚህ በፊት ምን ብሎ እንደ ነበር የሚያመለክት ምልክትም አለው። ይህ ለጭውውት ይበቃል። ለትያትር ግን አይበቃም፤ በትያትር አንድ ቃል የሚመልሰው አጠገቡ ላለው ቃል ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያው ገቢር ለተነገረው፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ላልተነገረው ነገር ነው። በ2021 በፕራግ እንደ ታየው፣ አብዛኛውን ቃሉን ኮምፒዩተር የጻፈው ትያትርም ሳይቀር በመድረክ ላይ የቀረበው በሰዎች ነው።

በራሳችን ቋንቋ የተደረገ ሙከራ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኔና ሦስት ጓደኞቼ በየቤተ ሰቦቻችን ከተማ ተበታትነን ሳለን አንድ ጓደኛችን የጻፈውን አንድ ትዕይንት በቴሌግራም ለመጫወት ተስማማን። ታሪኩ አጭር ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ምረቃውን ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ለከረመች እናቱ እውነቱን ይነግራታል። ልጁ «እማዬ፣ ከትምህርቱ ወጥቻለሁ» ይላል። በቅንፍ «ዝም ትላለች» የሚል አለ። ከዚያም እናት «ቡና ላፍላልህ?» ትላለች።

ድርሰቱን በቦሳክ መንገድ በምልክት ጻፍነው። በመጀመሪያው ምሽት እናትን የምትጫወተው ጓደኛችን ኔትዎርክ ስለ ጠፋባት ድርሻዋን ለቦቱ ሰጠነው። ልጁ «ወጥቻለሁ» ብሎ ከመጨረሱ ቦቱ «ቡና ላፍላልህ?» አለ። ሊያዩ የተሰበሰቡት ወዳጆቻችን ሁሉ ሣቁ። በትእዛዙ መሠረት ቦቱ አልተሳሳተም፤ «ዝም ትላለች» የሚለው ንግግር ስላልሆነ ዘለለው።

በዚህ ጊዜ ትዝ ያለኝ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሆነው ነገር ነው። ለበዓል በተዘጋጀ ትያትር ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ቃል ለሚጠፋበት ተዋናይ የማስታውስ እኔ ነበርሁ። አባት የሆነው ልጅ መካከል ላይ ቆመ። ቃሉ ጠፋው ብዬ የሚቀጥለውን መስመር ጮክ አድርጌ ነገርሁት፤ አዳራሹም ሰማኝ። በኋላ አዘጋጁ መምህር ጠሩኝና «ልጄ፣ እርሱ አልረሳም፤ እያሰበ ነበር» አሉኝ። ያን ቀን እኔም ከቦቱ አልተሻልሁም ነበር፤ ሁለታችንም በእጃችን ያለው ወረቀት ላይ ዝምታ የተጻፈበት ቦታ አልነበረንም።

በሁለተኛው ምሽት ቦቱ አሥር ሴኮንድ እንዲቆይ አደረግን። ሣቁ ቀረ፤ ነገር ግን በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሴኮንድ ላይ ከተመልካቾቹ አንዱ «ተቋረጠ እንዴ?» ብሎ ጻፈ። በአዳራሽ ውስጥ ዝም ያለች ሴት ትታያለች፤ በስልክ ላይ ግን ዝም ያለ ሰውና መሥመሩ የተቋረጠበት ሰው አይለዩም።

በሦስተኛው ምሽት ጓደኛችን ኔትዎርክ አግኝታ ራስዋ ተጫወተች። ልጁ ቃሉን በላከ ጊዜ «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ከላይ ታየ፤ ጠፋ፤ እንደ ገና ታየ፤ ጠፋ። አንድም ሰው ምንም አልጻፈም። ከዚያ በኋላ «ቡና ላፍላልህ?» የሚለው መጣ። ለብዙ ጊዜ ማንም መልስ አልሰጠም። እኔም ድርሰቱን ስገለብጥ ብዙ ጊዜ ያነበብሁት ሰው ሳለሁ እናት ሌላ ነገር ጀምራ እንደ ሰረዘችው፣ የሰረዘችውም ምን እንደ ሆነ ያወቅሁ መሰለኝ።

አንባቢ «ይህንም ምልክት ቦቱ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይቻላል። ነገር ግን ስንት ጊዜ ታይቶ ስንት ጊዜ ይጥፋ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ጓደኛችን ይህን ያገኘችው ልጁ ቃሉን በላከበት ሁኔታና ተመልካቹ ዝም ባለበት መጠን እየለካች ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ያየነውን ለቦቱ ብናስተምረው የእርስዋን ዝምታ ይደግማል እንጂ የሚቀጥለውን ምሽት አይለካም።

ሙከራው ሌላ ሁለት ነገር አስተማረን። አንደኛው፣ ልጁን የሚጫወተው በአንድ ልምምድ ላይ ሳይመጣ ቀርቶ አንዲት ጓደኛችን ስትተካው ቦቱ «ላፍላልህ» ማለቱን አልተወም። በእንግሊዝኛ ቢሆን ተናጋሪውን ማወቅ ይበቃው ነበር። በአማርኛ ግን ግሡ ራሱ የሚነገረው ለወንድ ይሁን ለሴት፣ ለታናሽ ይሁን ለታላቅ ይገልጣል። ስለዚህ ለአማርኛ ድርሰት የሚሆን ምልክት ማን እንደ ተናገረ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ተናገረም መያዝ አለበት።

ሁለተኛው በኋላ የመጣ ነው። ልጁ «ይህ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?» ሲላት እናት «አባትህ አለ» ትላለች። ላልቶ ቢነበብ አባትየው አስቀድሞ ተናግሮታል ማለት ነው፤ ጠብቆ ቢነበብ ግን እዚሁ ቤት ነው፣ ድምፅህን ቀንስ ማለት ይሆናል። በመድረክ ላይ ተዋናይዋ አንዱን ትመርጣለች። በጽሑፍ በተጫወትነው ጊዜ ከተመልካቾቹ አንዳንዱ አንዱን፣ አንዳንዱ ሌላውን ያዘ። ደራሲው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ሁለቱንም አስቦ ነበርና። እዚህ ላይ ከመድረክ ይልቅ ቻቱ ለድርሰቱ ታማኝ ሆኖ እንደ ተገኘ መመስከር ይገባኛል። ያው ድርሰት ለሚናገር ቦት በሚሰጥበት ጊዜ ግን መጥበቅና መላላቱን የሚያስታውቅ ምልክት ካልተጨመረበት ምርጫውን የሚያደርገው ደራሲውም ተዋናዩም ሳይሆን መሣሪያው ይሆናል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አስተያየት ይህ ነው። በምልክት መጻፍ ትያትርን አይገድልም፤ ድርሰቱን ከመጥፋት ያድነዋልና ለእኛ እንዲያውም አስፈላጊ ነው። ቦትም በመድረክ ኋላ ብዙ ሥራ አለው። በር ይጠብቅ፣ ከበሮ ይምታ፣ የትዕይንቱን መለወጥ ያስታውቅ፣ ኔትዎርክ ለጠፋበት ሰው የልምምድ ተተኪ ይሁን። ሰው የሚያደምጠውን ድርሻ ግን ለብቻው አይያዝ።

የእኛም ሥራ አለ። ከእንግዲህ ድርሰቶቻችንን በምልክት የምንጽፍ ተማሪዎች የሌላውን አገር ሣጥን እንዳለ ከምንቀበል ሦስት ነገር እንጨምርበት እላለሁ። ንግግሩ ለማን እንደ ሆነ ይጻፍ፤ አሻሚው ቃል ደራሲው ሆን ብሎ እንዲያሻማ የተወው ይሁን ወይስ የሚጠብቅ ወይም የሚላላ ይታወቅ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምታ ከቅንፍ ወጥቶ ባለቤቱ የተጠቀሰበት ንግግር ሆኖ ይቆጠር። እኛ የለመድነው ተራ የመሰለ ምልክት ነገ ድርሰቱን ብቻውን የሚያገኝ ሰው የሚመራበት ይሆናል። «እናት፤ ዝምታ» ብለን ብንጽፍለት የሚቀጥለው ተጫዋች፣ ሰውም ይሁን ቦት፣ በዚያ ቦታ የሚሠራ ነገር እንዳለ ያውቃል። ባንጽፍለት ግን ልጁ ቃሉን ሳይጨርስ ቡና ይቀርብለታል።